የሠላሳ ሁለቱ አዳሪዎች ሪፖርት

ጂንካ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩብርሃን
ፍራንሲስታውን፣ ቦትስዋና

ውድ እህቴ፣ የናፍቆት ሰላምታዬ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ በጤና ያግኝሽ። እኛ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደህና ነን። እናቴ ትርፌ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። «የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው አገር ልጆች ሒሳብ ከምታስተምር አንድ ክረምት እንኳ መጥታ ብታየኝ ምናለ» ትላለች።

ወረዳችን ፖስታ ቤት ስለሌላት ይህን የምልክልሽ ለስብሰባ ጂንካ በመጣሁበት ነው። በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ተማሪዎቼ ስለ አገሬ ትምህርት ቤቶች ይጠይቁኛል፣ የሚነበብ ነገር ላክልኝ» ብለሽ ነበር። እነሆ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤታችን የዓመቱ ማጠቃለያ ሪፖርት። የእቅድና ስታትስቲክስ ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። «የተማሪዎች ውጤትና ደህንነት» የሚለውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በተለይ ለአርብቶ አደር ልጃገረዶች የተከፈተውን አዳሪ ቤት እይልኝ። ሠላሳ ሁለት ገቡ፣ ሠላሳ ሁለቱም ዓመቱን ጨረሱ። የስም ዝርዝራቸው ከኋላ ተያይዟል። ትጊ የምትባለዋን ልጅ ታሪክ ደግሞ ለብቻው በሳጥን አስገብቼዋለሁ። አባቷ ሊድሯት ሲሉ አምልጣ ወደ እኛ የመጣች የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የዞኑ ጉባኤ ይህ ሲነበብ ቆሞ አጨበጨበ። ለእኔም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ።

ያስተማርሽው ልጅ አላሳፈረሽም። እመቤቴ ትጠብቅሽ።

ወንድምሽ ዓባይነህ

✦

ፍራንሲስታውን፣ ጥቅምት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓባይነህ

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለአክስቴ ለትርፌ ይሁን። ጉልበቷን በሞቀ ጨው እንድታሸው ንገራት፤ እኔ ለራሴ የማደርገው እሱን ነው። አርጅቻለሁ እኮ!

ሪፖርትህን ከላይ እስከ ታች ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለክፍሌ አነበብኩት። ዓባይ፣ እንዴት ኮራሁ! የአምስተኛ ክፍል ተማሪዬ እያለህ ጠመኔ እየሰረቅህ በር ላይ ትጽፍ የነበርከው ልጅ ነህ አሁን ማኅተም የምትመታው? ልጆቼም በጣም ወደዱት። ከስም ዝርዝሩ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ልጅ መረጡና ደብዳቤ ጻፉ። ሠላሳ ሁለቱም በዚህ ጥቅል ውስጥ አሉ። ትጊን የመረጠቻት ኔኦ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ናት። እሷም በሠርግ ጉዳይ ከአያቷ ቤት የሸሸች ናት። ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር ለትጊ ጽፋላታለች። አደራ፣ ሌላ ሰው ሳያነበው ለራሷ ስጣት።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። እዚህ ውኃም መብራትም ያለው አዳሪ ቤት አለን፤ ግን በየዓመቱ ስድስት ሰባት ልጅ ይታመምብናል፣ ይወጣብናል። እናንተ አንዲት እንኳ አልወጣችባችሁም? ዘዴውን ጻፍልኝ፣ ለአለቃዬ አሳያለሁ።

እህትህ ጥሩብርሃን

✦

ጂንካ፣ ጥር 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ።

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። በጥቅምቱ ዝናብ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ደብዳቤዎቹ በሰላም ደርሰዋል። ልጆቹ እጅግ ተደስተዋል። ፈተና ላይ ስለሆኑ መልሱን ትንሽ ቆይተው ይጽፋሉ።

ስለ ዘዴው የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ዋናው የባለድርሻ አካላት ቅንጅት ነው።

ደግሞ ለወደፊቱ ደብዳቤ ከምትልኪ ያገለገሉ መዝገበ ቃላት ብትልኪ ለልጆቹ የበለጠ ይጠቅማቸዋል ብዬ አሰብኩ። እናቴ ሰላም ብላሻለች።

ዓባይነህ

✦

ፍራንሲስታውን፣ መጋቢት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዓባይ ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንተን ግን ውስጡ አጣሁህ። ምን ሆነሃል? ታመሃል? ከቢሮ ተጣልተሃል?

መዝገበ ቃላቱን እልካለሁ። ግን ልጆቼ መልስ እየጠበቁ ነው። ኔኦ በየሰኞው ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ትቆማለች፤ አትጠይቅም፣ ትቆማለች ብቻ። ሠላሳ ሁለቱም ይጻፉ አልልህም። ትጊ ብቻ አንዲት መስመር ትጻፍ። አማርኛው ቢሰበር ግድ የለም። «ደርሶኛል» ካለች ይበቃል።

እህትህ ጥሩብርሃን

✦

ጂንካ፣ ግንቦት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

የሠላሳ ሁለቱም ልጆች መልስ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስለ መዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁላችንም ደህና ነን።

ዓባይነህ

✦

ፍራንሲስታውን፣ ሐምሌ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ዓባይነህ፣

ሠላሳ ሁለት ደብዳቤ አንድ በአንድ ከፍቼ፣ ልጆቹ ዙሪያዬን ቆመው እያዩኝ መተርጎም ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ጆሮዬ ቆመ። ሰባተኛው ላይ ገባኝ።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሠላሳ ሁለት ልጆች ጽፈው አንዲት ስሕተት የለችበትም? የአሥራ አራት ዓመት ልጅ «በተሟላ ሥነ ልቦናዊ ዝግጁነት ላይ እገኛለሁ» ብላ ትጽፋለች? አስተማሪ ነኝ እኮ። ፊደል ያስቆጠርኩህ አስተማሪህ ነኝ። ከነዚህ ደብዳቤዎች አሥራ አንዱ የማን እጅ እንደሆነ አጣሁት ብለህ ነው? «ጠ»ን ስትጽፍ መካከለኛውን እግር ታሳጥራለህ። በአለንጋ መትቼህ እንኳ አልተውከውም።

እኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ማንበቤን አላቆምኩም። ኔኦ ዓይን ዓይኔን እያየች የትጊን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ተረጎምኩላት። ደብዳቤውን ተቀብላኝ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። አንተ ጻፍከው፣ እኔ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ክፍል ስገባ ልጆቹን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ትጊ የት ናት? ከዚህ ሌላ ምንም አትጻፍልኝ። ትጊ የት ናት?

ጥሩብርሃን

✦

ጂንካ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታ ለማብዛት ድፍረት አጣሁ።

አዳሪ ቤቱ የተከፈተ ዕለት ሠላሳ ሁለት ልጆች መግባታቸው እውነት ነው። በጥር ወር 1998 የውኃው ፓምፕ ተበላሸ። ልጆቹ ከትምህርት በፊት ወንዝ እየወረዱ ይቀዱ ጀመር። በየካቲት ዱቄቱ አለቀ። ሙሉሽ የምትባል ምግብ አብሳያቸው አራት ጊዜ ቢሮዬ መጣች። «ልጆቹ ንፍሮ በልተው ነው የሚያድሩት፣ አሁን ንፍሮውም ሊያልቅ ነው» አለችኝ። አራቱንም ጊዜ «ለሚመለከተው እናሳውቃለን» አልኳት። አላሳወቅሁም። አለቃዬ አቶ ኤልያስ ስለ አዳሪ ቤቱ መጥፎ ወሬ መስማት አይወድም ነበር፤ እኔ ደግሞ አዲስ ተሿሚ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደየቤታቸው ሄዱ። ፋሲካ ሲደርስ አሥር ልጆች ብቻ ቀሩ። ትጊ ካሥሩ አንዷ ነበረች። ሌሎቹ የሚሄዱበት ቤት አላቸው፤ እሷ ደግሞ ከቤት ሸሽታ የመጣች ናትና የት ልትሄድ ነው?

በግንቦት መጨረሻ አባቷና ወንድሞቿ ሊወስዷት መጡ። ጠዋት ቢሮዬ ገባች። እንዲህ ነው ያለችኝ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ወረቀት ስጠኝ። ይህች ተማሪ ናት በል። ማኅተም ምታበት። አባቴ ማኅተም ያያል፣ ይተወኛል።»

ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ያን ቀን ሪፖርቱ ዞን የሚደርስበት ቀነ ገደብ ነበር። ስለ ተማሪዎች ደህንነት የሚለውን ምዕራፍ እየጻፍኩ ነበር። ቀና እንኳ አላልኩም። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ከሰዓት ተመለሺ» አልኳት። «እሺ» ብላ ወጣች። ከሰዓት አልመጣችም። በማግሥቱ ወሰዷት። በወሩ ተዳረች።

ታሪኳን በሳጥን ያስገባሁት እሷ ከሄደች በኋላ፣ ሪፖርቱ ከዞን ለእርማት ሲመለስልኝ ነው።

ዘንድሮም ያንኑ ቁጥር ጻፍኩ። አምና ሠላሳ ሁለት ያልኩ ሰውዬ ዘንድሮ ዘጠኝ ብል ምን እባላለሁ? መምህራኑ የሌሉትን ልጆች ውጤት ሮስተር ላይ እንዲሞሉ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ደብዳቤዎቹን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቅዳሜ ቢሮ ዘግተን ጻፍናቸው። እየሳቅን ነበር፣ እትዬ። መሳቃችንን ሳልነግርሽ ብቀር ይህም ውሸት ይሆንብኛል።

አሁን አንድ ነገር ልበልሽና ትረግሚኝ እንደሆን እርገሚኝ። በ1985 የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስንፈተን ፈታኛችን አንቺ ነበርሽ። በአጠገቤ ስታልፊ ዴስኬ ላይ የተጣጠፈ ብጫቂ ወረቀት ጣልሽ። የሃያ ሒሳብ ጥያቄ መልስ ነበረበት። አልጠየቅኩሽም፣ አንቺም አልነገርሽኝም፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላነሳነውም። በዚያ ወረቀት አለፍኩ፣ ዘጠነኛ ገባሁ፣ ቢሮ ደረስኩ። ወረቀት ላይ ካማረ እንደሚያልፍ ያስተማረኝ ማን ነው?

ዓባይነህ

✦

ፍራንሲስታውን፣ ጥር 25 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለዓባይነህ

አራት ወር ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። በየሳምንቱ እጀምርና ራሴን ስከላከል እያገኘሁት እቀደዋለሁ። «አባትህ የሞተበት ዓመት ነበር፣ አክስቴ ብቻዋን ነበረች» ብዬ እጀምራለሁ። እውነት ነው። ግን ምክንያት እንጂ መልስ አይሆንም።

ወረቀቱን የጣልኩት እኔ ነኝ። አንተ የማታውቀውን ልጨምርልህ። ከኋላህ ደገፋ ተቀምጦ ነበር። የአሪው ልጅ፣ ከገዘር መንገድ በእግሩ እየመጣ ይማር የነበረው። ሒሳብ ከሁላችሁም ይበልጥ ነበር፤ አማርኛው ግን ይከብደው ነበር። ወረቀቱን ስጥልልህ አየኝ። አይቶኝ አንገቱን ደፋ። ለሱ ምንም አልጣልኩለትም፤ የአክስቴ ልጅ አይደለማ። በሁለት ነጥብ ወደቀ። ውጤት በተለጠፈ ዕለት ሰሌዳው አጠገብ አገኘኝና «አመሰግናለሁ ቲቸር፣ ሒሳብ ስላስተማሩኝ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አይቼው አላውቅም። ከአገር የወጣሁት ለደመወዝ ነው እያልኩ ስናገር ኖሬአለሁ። ደመወዙም አለበት። ግን ገበያ በወጣሁ ቁጥር ደገፋን የማገኘው እየመሰለኝ ነበር።

ስለዚህ አንተን ልገሥጽህ የሚያስችል አፍ የለኝም።

ለልጆቼ ነገርኳቸው። ክፍል ገብቼ «ያነበብኩላችሁ ደብዳቤዎች ልጃገረዶቹ የጻፏቸው አይደሉም፣ እኔም ይህን እያወቅሁ አንብቤላችኋለሁ» አልኩ። አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ ወላጅ አለቃዬ ዘንድ ሄዶ ከሰሰኝ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ይገባኛል። ኔኦ ክፍሉ ሲወጣ ቀረችና «ታዲያ ትጊ አሁን ብቻዋን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሪፖርትህን አስተካክል ወይም አታስተካክል አልልህም፤ እሱን አንተ ታውቃለህ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሂድና እያት።

ጥሩብርሃን

✦

ጂንካ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2000 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እናቴ ደህና ናት። ስለ ደገፋ አጠያየቅሁ፤ ወደ ማጂ በኩል ሄዷል የሚል አንድ ሰው አገኘሁ፣ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሄጄ አየኋት።

በግንቦት ሙሉሽን ለመንኳት። ቋንቋውን ታውቃለች፣ ልጆቹም ይወዷታል። «አሁን ነው የሚታወስህ?» አለችኝ፤ ግን መጣች። ሐሙስ በጭነት መኪና ቀይ አፈር ከተማ ደረስን። ገበያው ላይ የትጊን ባል አጎት አገኘንና ከሱ ጋር አንድ ቀን በእግር ሄድን። የደረስነው አርብ ከቀትር በኋላ ነው። ትጊ ከሌሎች ሴቶች ጋር ማሽላ ትፈጭ ነበር። ፀጉሯ እንደ ባለትዳር ሴቶች በቀይ አፈርና በቅቤ ተለስኗል። ጀርባዋ ላይ ልጅ አለ። አላወቅኋትም፤ ያወቀችኝ እሷ ናት። ወፍጮውን አቆመችና «የቢሮው ሰውዬ» አለችኝ።

ስለ ይቅርታ የማውቀውን ንግግር ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ግማሽ እንኳ ሳልደርስ አቋረጠችኝ።

«ያን ቀን ከሰዓት መጣሁ» አለች። «ቢሮው ተቆልፎ ነበር። ቁጭ አልኩ። ፀሐይ እስኪጠልቅ ቁጭ አልኩ።»

እትዬ፣ «ከሰዓት አልመጣችም» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ውሸት ናት። መጥታ እንደሆን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ እኔ ራሴ ከሰዓት ቢሮ አልነበርኩም። ሪፖርቱን ለሾፌሩ አስረክቤ ከአቶ ኤልያስ ጋር ሥጋ ቤት ነበርን፣ ማጠናቀቃችንን ልናከብር። ይቺን ብቻ ለራሴ አስቀርቼ ነበር። ሁሉን ነገር ተናዝዤ ይቺኑ ደበቅሁ።

ትጊ ቀጥላ ጠየቀችኝ። «ስሜ አለ?»

«የት?»

«መዝገብ ላይ።»

«አለ» አልኳት። «ወደ ስምንተኛ ተዛውረሻል ይላል።»

ለሴቶቹ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ልጇን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዙራ ማጥባት ጀመረችና፣ «ስንት አመጣሁ?» አለችኝ።

«ሰማንያ አንድ።»

«ሒሳብስ?»

ሙሉሽ ፊቷን አዞረች።

የኔኦን ደብዳቤ ሰጠኋት፤ ዋናውን፣ ከጀርባው በአማርኛ ተርጉሜ። ስተረጉመው ማንበቤ ነውና አደራሽን አላከበርኩም። በጣቷ እየተከተለች ድምፅ አውጥታ አነበበችው። ፊደሉን አልረሳችም። መጨረሻው ላይ ኔኦ «ትምህርት ስትጨርሺ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብላ ትጠይቃለች። እዚያ ስትደርስ ቆመች። አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ይህ ለተማሪ ነው የተጻፈው» አለች። «ለተማሪ ስጥ።»

ትመለስ እንደሆነ ጠየቅኋት። ባሏ ፈቃድ እንደማይሰጥ፣ ልጁም ገና እንደሚጠባ ነገረችኝ። ውኃው መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልመጣም አልኳት። ውኃ ሰጥታን፣ እስከ መንገዱ ሸኝታን ተመለሰች። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለችም፤ እኔም ዳግመኛ አልጠየቅሁም።

የወረዳው ጉባኤ ሐምሌ 15 ነበር። አዲሱን ሪፖርት አቶ ኤልያስ ሳያየው ለማቅረብ አልፈለግኩም፣ መደበቅ ሰልችቶኛልና። በዋዜማው ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ «የሁለት ዓመቱንም ልታነሣው ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ወረቀቱን መለሰልኝና፣ «በል ቢያንስ የማቋረጥ ምክንያት የሚለው ላይ ለሁሉም ጋብቻ በልበት። ባህል ነው ይባልና ያልፋል» አለኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በ1998 ከገቡት ሠላሳ ሁለት አዳሪ ተማሪዎች ዓመቱን የጨረሱት ዘጠኝ መሆናቸውን፣ ያለፉት ሁለት ሪፖርቶች ሐሰት እንደነበሩና ያዘጋጀኋቸው እኔ እንደሆንኩ አነበብኩ። ጠረጴዛውን ይዤ ነው የቆምኩት። አንድ ሰው ከልማድ አጨበጨበ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ። ሙሉሽ ከኋላ በር አጠገብ ቆማ ነበር፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ከኃላፊነቴ ተነሥቻለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ከወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነ ቀበሌ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ፓምፑ ተጠገነ ብዬ ብጽፍልሽ እንዴት ደስ ባለኝ፤ አልተጠገነም። ባለሙያ መጥቶ አይቶት ሄዷል። የምስክር ወረቀቱን ለዞን መልሻለሁ፤ የተቀበለኝ ጸሐፊ የት መዝገብ እንደምታስገባው ግራ ገባት።

የኔኦ ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዟል፣ መልሺላት። ትጊ ያለችውንም ሳታሳምሪ ንገሪያት።

ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘውን ያቋረጡ ልጆች ቅጽ፣ ማኅተሙን ከማስረከቤ በፊት፣ የሞላሁት በእጄ ነው። ሃያ ሦስት ስም ነው። ከየስሙ አጠገብ «ምክንያት» የሚል ሳጥን አለ፤ ጋብቻ፣ ሕመም፣ ርቀት፣ ሌላ። በሃያ ሁለቱ ላይ ከሙሉሽ ጋር ሆነን የምናውቀውን ጻፍን፤ ዱቄት አለቀ፣ ውኃ ጠፋ። ትጊ ላይ ስደርስ «ሌላ» የሚለውን መረጥኩና በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የእቅድና ስታትስቲክስ ክፍል ኃላፊው ቢሮ ተቆልፎ ስለነበር።»

ማኅተም መታሁበት።

ወንድምሽ ዓባይነህ